ጥርሴና ያላጨስኩት ሲጋራ

ነቀምቴ ስገባ የተቀበለኝ የመጀመሪያው ሰው ሲጋራ እንዳቆም የመከረኝ ሰው ነው። መናኸሪያው ውስጥ ሻንጣዬን ከአውቶቡሱ ጣሪያ አውርዶ አቀበለኝ፤ ፈገግ ብዬ አመሰገንኩት። ፈገግታዬን ትክ ብሎ አየና፣ «ባርሲሳ፣ ይሄን ነገር ብትተወው ጥሩ ነው፤ ገና ወጣት ነህ» አለኝ። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። መምህር መሆኔን በምን እንዳወቀ እንጃ፤ ምናልባት ከጫማዬ። «የቱን ነገር?» ብዬ ሳልጠይቀው ሌላ ተሳፋሪ ጠራው። እኔ በዕድሜዬ አንድ ሲጋራ እንኳ ከንፈሬ ላይ አድርጌ አላውቅም።

ጉዳዩ ጥርሴ ነው። ቡናማ ነው፤ አንዳንዱ ላይ መስመር፣ አንዳንዱ ላይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል። ተወልጄ ያደግኩት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከሐይቅ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ የሚጠጣው ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ ይወጣል። ጥርት ያለ፣ ለምላስ የሚጥም፣ ፍሎራይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር ያለ ስስት የተሸከመ ውሃ ነው። ስለዚህ የከተማዬ ሰው ጥርስ ሁሉ እንደኔው ነው። ቄሱም፣ ፓስተሩም፣ ሼኩም በዚህ በአንዱ ነገር ተስማምተዋል። ጥርሱ ነጭ የሆነ ሰው መንገድ ላይ ካየን እንግዳ መሆኑን እናውቅና ማደሪያ እንጠቁመዋለን። ዩኒቨርሲቲም ሳለሁ ሁላችንም ከየአገሩ ተለቃቅመን የመጣን ስለነበርን፣ የሰው አፍ ለመመርመር ጊዜ ያለው አልነበረም። ጥርሴ ችግር መሆኑን የነገረችኝ ነቀምቴ ናት።

እንዲህ ስል ግን ሰው ሰደበኝ ማለቴ አይደለም። የነቀምቴ ሰው ጨዋ ነው፤ ነውርህን አይነግርህም፣ መድኃኒቱን ነው የሚነግርህ። የአከራዬ ሚስት ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ የወይራ መፋቂያ ታስቀምጥልኛለች፤ እየዋለ እያደረ መፋቂያው ወፈረ፣ ተስፋ እየቆረጠች መሆኑን ያወቅኩት በዚህ ነው። ፀጉር አስተካካዬ ከሰል ከጨው ጋር ወቅጬ እንዳሸው መከረኝ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የታሪክ መምህር ሎሚ በአመድ አለኝ። የስፖርት መምህሩ «በረኪና…» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። እያንዳንዳቸው በዚህ መድኃኒት የዳነ የአጎት ልጅ ነበራቸው።

እኔ ደግሞ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የጥርስ የላይኛው ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰውነታችን ውስጥ ከእሱ የሚጠነክር ነገር የለም። ከሞላ ጎደል ሁለመናው ማዕድን ነው፤ ካልሲየምና ፎስፌት ጥቃቅን ክሪስታል ሠርተው ጥቅጥቅ ብለው ይደረደራሉ። ከስሩ ያለው ዴንቲን ግን ለስለስ ይላል፣ ወደ ቢጫነት ያደላል፣ ፕሮቲንና ውሃ አለው፣ በዓይን በማይታዩ ቱቦዎች የተሞላ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ስንጠጣ የሚያስጮኸን እነዚያ ቱቦዎች ሲጋለጡ ነው። ዴንቲን እንግዲህ ሕያው ነው። ኢናሜል ግን አንድም ሕይወት ያለው ሴል የለውም። የሠሩት ሴሎች ጥርሱ ድድ ቀዶ ከመውጣቱ በፊት ሥራቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ፤ አጥንት ቢሰበር ይጋጠማል፣ ቆዳ ቢቆረጥ ይድናል፣ ኢናሜል ግን እንደተሠራ ይቀራል።

ሕፃን ልጅ ድዱ ውስጥ ኢናሜሉ እየተሠራ ሳለ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ከጠጣ፣ ክሪስታሎቹ በደንብ ሳይጠቀጠቁ ይቀራሉ። ጥርሱ ኖራ መስሎ ይወጣል፤ ቀለሙን ከጊዜ በኋላ በእነዚያ ክፍተቶች ይስባል። ስለዚህ የኔ እድፍ ላዩ ላይ አይደለም፣ አሠራሩ ውስጥ ነው። ከሰሉ ይፍቀዋል እንጂ አያነጣውም፤ ሎሚውማ ካልሲየሙን እያሟሟ የተረፈችኝንም ይወስድልኛል። ይህን ለፀጉር አስተካካዬ ላስረዳው ሞክሬ ነበር። ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ስለነበር ውይይታችን አጭር ሆነ።

ከዚህ ሁሉ መካሪ መሀል «ጥርስህ ምን ሆኖ ነው?» ብላ የጠየቀችኝ አንዲት ሰው ናት። የሂሳብ መምህርት ነች፤ የነቀምቴ ልጅ፣ ከኔ ጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ ፈተና የምታርም። ፍሎራይዱን፣ ክሪስታሉን፣ ጉድጓዱን ሁሉ ተረክሁላት። እስክጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«ያምሃል?» አለች።

«አያምም።»

«እንግዲያው ምን ጨነቀህ?» ብላ ወደ እርማቷ ተመለሰች። በዚያችው ቅጽበት ወደድኳት፤ ሌላ የተሻለ ምክንያት ልሰጥ አልችልም። እሷም ከጊዜ በኋላ፣ በምን ምክንያት እንደሆነ ባትነግረኝም፣ ወደደችኝ።

እንግዲህ ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። አባቷ በከተማው መውጫ፣ ወደ ጉቴ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ የከብት ነጋዴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በጉቴ፣ በሲሬና በአርጆ ገበያዎች የበሬ አፍ ሲከፍቱ ኖረዋል። ሻጭ የበሬውን ዕድሜ ይቀንሳል፣ ጤናውን ያጋንናል፤ እሳቸው ግን ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ጥርሱን ያዩና ዋጋቸውን ይናገራሉ። ከዚህ በላይ ደግሞ እኔም በምሄድበት ቤተ ክርስቲያን የጉባኤ ሽማግሌ ናቸው። ጥርስ በማንበብ የከበረ፣ ሲጋራንም ጫትንም አጥብቆ የሚጠላ አማት እግዚአብሔር መርጦ ሰጠኝ። በየእሁዱ በር ላይ እጄን ይጨብጡኛል፤ ዓይናቸው ግን ከአፍንጫዬ በታች ነው።

ሽማግሌዎቹን የመሩልኝ አከራዬ ነበሩ። ሲመለሱ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተወደሃል» አሉ። «ጨዋነትህ ተመስክሯል። ትምህርትህም ተመስክሯል። አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲጋራውን ትተህ፣ ጌታ ከዚህ ሱስ እንዳወጣህ በጉባኤው ፊት ቆመህ መስክር። ከዚያ ልጄን እሰጣለሁ ብለዋል።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አላጨስም።»

«እሱንም ነግረናቸዋል።»

«እና ምን አሉ?»

አከራዬ ወደ ወለሉ አዩ። «‹የሻጩን ወሬ ተውት፤ አፉን አይቼዋለሁ› አሉ።»

ወሬው ትምህርት ቤት ለመድረስ ብዙ አልፈጀበትም። ከዚያ በኋላ መካሪዎቼ ጥርሴን ትተው ነፍሴን ያዙ። «ምን ትጎዳለህ? ቁመህ መስክርና ሚስትህን ውሰድ» የማይለኝ አልነበረም። የታሪክ መምህሩማ ነገሩን ረቀቅ አደረገው፤ «አስበው እስቲ። ሲጋራ አታጨስም። እንዳታጨስ ያደረገህ ማን ነው? እግዚአብሔር። ስለዚህ ‹እግዚአብሔር ከሲጋራ ጠበቀኝ› ብትል ውሸቱ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። እኔም ስጨነቅ ምክንያት የሚያቀብለኝ ሰው እወዳለሁ፤ ለጥቂት ቀናት ተስማማሁለት።

የሚመሰክር ሰው ግን የሚመሰክረውን ማወቅ አለበት። በስንት ዓመቴ ነው የጀመርኩት? ማን አስለመደኝ? በቀን ስንት? የሌላ ሰው ምስክርነት ስሰማ ዝርዝሩ ነበር ሰውን የሚያስለቅሰው፤ እኔ ደግሞ የአንድ ሲጋራ ስም እንኳ አላውቅም። ስለዚህ ሰፈራችን ያለው ሱቅ ሄጄ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ፓኬቶች ማጥናት ጀመርኩ። ባለሱቁ ትንሽ ታገሠኝና፣ «ባርሲሳ፣ አትፈር፤ የቱን ልስጥህ?» አለ። ዞር ስል ከኋላዬ ዘይት ልትገዛ የቆመችው ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አንዷ ነበረች። «አካም ጅርታ» ብላ ሰላም አለችኝ፤ በሐዘን። አንድም ጭስ ሳልስብ አጫሽነቴ በዓይን ምስክር ጸደቀ።

ይህን ለሂሳብ መምህርቷ ስነግራት መጀመሪያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስለ ምስክርነቱ ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች።

«መሰከርክ እንበል» አለች። «ተጋባንም እንበል። የዛሬ ዓመት አባቴ አፍህን ያያል። ጥርስህ ያው ነው። ምን ይላል?»

«ምን ይላል?»

«ተመልሶበታል ነዋ! ከዚያ በየዓመቱ ልትመሰክር ነው? አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ አይለወጥም ያልከኝ?» እውነቷን ነው። እኔ ምንም ብናዘዝ ጥርሴ ንስሐ አይገባም። ኬሚስትሪውን ያስተማርኩ እኔ ሆኜ ሳለ መልሱን ያወጣችው እሷ ሆነች። «ደግሞ» አለች ቀይ እስክሪብቶዋን እየከደነች፣ «አጫሽ ባል አልፈልግም። ሳያጨስ አጭሻለሁ የሚል ባል ደግሞ ጭራሽ አልፈልግም። እናትህ ጥርሷ እንዳንተ ነው?»

«ከኔ ይብሳል።»

«ታጨሳለች?»

«አብደሻል እንዴ?»

«አምጣት እንግዲህ።»

እናቴ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገችኝ ብቻዋን ነው። ስልክ ደውዬ ወደ ነቀምቴ እንድትመጣ ስነግራት፣ «ምን ይዤ ልምጣ?» አለች። «ጥርስሽን» አልኳት። ነገሩን ሳስረዳት ስልኩ ውስጥ የሰማሁት ሳቅ መንደሩን ሁሉ የቀሰቀሰ መሰለኝ። እሷ ሌላ ችግር አልታያትም፤ ልጇ ሊያገባ ነው፣ እሷም ምስክር ሆና ተጠርታለች። ሲሬ ድረስ ሄጄ ተቀበልኳት። ከአውቶቡስ እንደወረደች፣ «ይሄ ሁሉ አረንጓዴ ለማን ነው?» አለች፤ ቀሪውን መንገድ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትነቅል ተጓዘች።

ቅዳሜ ከሰዓት ከአከራዬ ጋር ይዣት ሄድኩ። የልጅቷ እናት ከበር ተቀበሉን፤ አባትየው ከወንበራቸው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጧት። «አካም ጅርቱ፣ አዴ!» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሏትና፣ «መንገዱ አደከመሽ?» አሉ። እናቴም፣ «ኧረ አገራችሁ ሰውን አያደክምም!» ብላ ሳቀች። ስትስቅ አትሰስትም፤ ከላይም ከታችም ሁሉም ጥርሷ ታየ። አባትየው እጇን እንደያዙ ቀሩ። እኔ በበኩሌ ክሱ ፈረሰ ብዬ በልቤ እያጨበጨብኩ ነበር።

ሰውየው ለረጅም ጊዜ ሲያዩዋት ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «በድዬሃለሁ። ይቺ እናት አታጨስም። ይቅር በለኝ።» እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው፤ እኔ የጠበቅኩት ግን ክርክር ነበር። ይቅርታውን ገና በቅጡ ሳልቀበል የልጅቷ እናት ከጓዳው በር ላይ ሆነው በቀስታ ጠየቁ፤ «እንግዲያው ዘር ነዋ? የልጅ ልጆቼም እንዲህ ሊሆኑ ነው?»

ያመጣሁት ማስረጃ ከአጫሽነት ነፃ አውጥቶኝ ለዘር በሽታ አሳልፎ ሰጠኝ። አከራዬ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። የሂሳብ መምህርቷ ግን እኔን እኔን ታየኛለች፤ ፊቷ ላይ «አሁን ነው እንግዲህ» የሚል ነገር አለ። ተነሣሁ። ጠመኔና ሰሌዳ ባይኖርም መምህር ነኝ።

«እማማ፣ ዘር አይደለም» አልኩ። «ጭቃ ቤት ሲሠራ አይታችኋል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ግድግዳው ይቆማል፤ በላዩ ሲሚንቶ ይለሰናል። ጥርስም እንደዚያ ነው። የውስጡ ግድግዳ ዴንቲን ይባላል፣ እሱም እንደ ጭድ የሚያያይዘው ነገር አለው። የላይኛው ልስን ኢናሜል ነው። የኔ ልስን የተበላሸው ገና እርጥብ እያለ ነው፤ መጥፎ ውሃ ገብቶበት። ለሳኞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ከሄዱ በኋላ የሚጠግነው የለም። ግን ደግሞ ከደረቀ በኋላ ያው ውሃ አያበላሸውም። ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው በልጅነት በሚጠጣው ውሃ ነው።»

«እስከ ስንት ዓመት?» አሉ አባትየው። ወደፊት ጎንበስ ብለው ነበር።

«እስከ ስምንት ዓመት ገደማ። ከዚያ በኋላ የሚታዩት ጥርሶች ልስናቸው አልቋል።»

«እሺ፣ ጥጃው ሌላ ሜዳ ላይ ቢያድግስ?»

«የሜዳውን ጥርስ ያወጣል። እዚህ የተወለደ፣ የነቀምቴን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ እንደ እርስዎ ነው።»

ፊታቸው ላይ የገበያ ቀን ብርሃን መጣ። «ለክረምት እዚያ ቢሄድስ? አያቱ ጋ?»

እዚህ ላይ «ምንም አይል» ብዬ መቀመጥ እችል ነበር። ግን ልጃቸውን ልወስድ ነው፣ ክፍሉ በሙሉ እየሰማኝ ነው፣ የሚያዳምጥ ተማሪ ደግሞ ከየት ይገኛል! «ባይጠጣው ነው የሚመረጠው» አልኩ እጄን አንሥቼ። «ገና ለሚሠራ ጥርስ ያ ውሃ አይሰጥም።»

«ቶሌ፣ ይሁን!» ብለው መዳፌን መታ አደረጉት፤ በሬ ገዝተው ሲስማሙ እንደሚያደርጉት። «ልጆቹ እዚህ ያድጋሉ። አለቀ።» የልጅቷ እናት እልል አሉ። አከራዬ ከጣሪያው ተመለሱ። የሂሳብ መምህርቷ ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን በዚያ ቀን ከደስታዬ ብዛት ወደ እናቴ ዞር ብዬ አላየሁም። ያስታወስኩት ማታ ቤት ስንገባ ነው፤ መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል ሳትናገር እንደመጣች።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ይዣት ሄድኩ። አውቶቡሱ እስኪሞላ በሩ አጠገብ ቆመን ነበር።

«እኔ ነኛ እንግዲህ ያጠጣሁህ» አለች።

«ምኑን?»

«ውሃውን። ሌላው ሰው ለልጁ የቦዩንም እየቀላቀለ ይቀዳ ነበር፤ ቅርብ ነው፣ ወረፋ የለውም። እኔ የቦዩ በሽታ አለበት ብዬ፣ ለአንተ ብዬ፣ ከጉድጓዱ ነበር የማመጣው። እንዳንተ የጉድጓዱን ብቻ የጠጣ ልጅ አልነበረም።»

«እማዬ፣ አንቺ ያኔ ይሄን በምን ልታውቂ ትችያለሽ? እኔ እኮ አንቺን ለመውቀስ አይደለም…»

«ምን ወቀስከኝ፤ አስተማርክ እንጂ። ጥሩ ታስተምራለህ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ልጅ ስትወልዱ ወደ እኔ አታምጡት። ስንት ዓመት ነው ያልከው?»

«እማዬ፣ ውሃ ይዘን እንመጣለን። የዝናብ ውሃም አለ። ጥቂት ቀን ደግሞ ምንም አያደርገውም፣ እኔ ያን ቀን አበዛሁት…»

«ውሃ ተሸክማችሁ ወደ አያት ቤት? ሰው ምን ይላል?» አለች። «ስንት ነው ያልከው?»

ኬሚስትሪ ሳስተምር ዓመታት ሆነውኛል፤ ትምህርቴን እንዲህ አንድም ሳታስቀር የያዘች ተማሪ አላጋጠመኝም። ስምንት፣ አልኳት። ረዳቱ ግቡ ግቡ እያለ ነበር። ደረጃው ላይ ወጥታ ዞር አለች።

«ስምንት ዓመት ምን አላት!» አለች። «ትደርሳለች።»

ከዚያ ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ስልሳ ዓመት ካለፋት ቆይቷል።